አሥራ ሁለተኛው ስም

ተከራዬ በስልክ ሲያወራ የሰማሁት ሆን ብዬ አይደለም። በመኝታ ክፍሌና በፊት ለፊቱ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ የጭቃ ነው፤ ከወዲያ በኩል የተነገረ ሁሉ ወደዚህ ያልፋል። ወሩ መስከረም ነበር፤ ጠዋት ላይ ሰው ገና አልገባም ነበር።

«ውድድሩ እንዳለቀ አነሣዋለሁ» አለ። «መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን ቤት ይዣለሁ። ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።»

የሚነሣው የፑል ጠረጴዛው ነው። እሳቸው የተባልኩት እኔ ነኝ።

ያ ክፍል የባሌ የልብስ ስፌት ቤት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ዘግቼው ኖርኩ። አንዲቱ ልጄ ኮምቦልቻ አግብታ ትኖራለች፤ «አከራዪው እንጂ፣ ቤት ሲዘጋ ይበሰብሳል» ብላ ጨቀጨቀችኝ። የተከራየው ሰው ቀድሞ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ፣ ወገቡን ሲያመው መሪውን የተወ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። ጠረጴዛውን በስምንት ሰው አሸክሞ አስገባው። የመጀመሪያውን ወር ኳሶቹ ሲንኳኩ ራሴን ያመኝ ነበር። ከዚያ ለመድኩት። ለመድኩት ከማለት ይልቅ ሳላየው አወቅሁት ብል ይሻላል። ጨዋታው ሲከፈት እንደ ተበተነ ድንጋይ ይንኮሻኮሻል፤ ነጩ ኳስ ቀዳዳ ሲገባ ሁሉም ባንድ አፍ «ኧረ!» ይላሉ፤ ጥቁሩ ሲቀር ማንም አይተነፍስም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቤቱ ዝግ ነው። የሰኞን ጠዋት አልወደውም።

ስለዚህ ከዚያ ስልክ በኋላ ሁለት ቀን ቆይቶ ተከራዬ በጓሮ በር መጥቶ «ቤቶች!» ሲል፣ ለምን እንደመጣ ገምቼ ነበር። የመጡት ሦስት ሆነው ነው፤ እሱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር ረዥም መምህርና በሰፈራችን መንገድ የሚመላለሰው ባጃጅ ነጂ።

«እትዬ፣ የፑል ውድድር ልናዘጋጅ ነው» አለ ተከራዬ። «ማስታወቂያውን በእርስዎ እጅ ጽሑፍ ብናወጣው ሰው ያከብረዋል ብለን ነው።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በመዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጽሑፌን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መነጽሬንና ወረቀት አመጣሁ።

በመግቢያው ክፍያ ጀመሩ።

«ሦስት መቶ ብር ይሁን» አለ መምህሩ። «ቁም ነገረኛው ከቀልደኛው ይለያል።»

«ቁም ነገር በብር ነው እንዴ?» አለ ባጃጅ ነጂው። «አንተ ደሞዝተኛ ነህ። እኔ ሦስት መቶ ለማትረፍ ስንት ጊዜ መናኸሪያ ልመላለስ?»

«ደሞዜንማ ብታየው ታለቅሳለህ።»

«አይቼዋለሁ፤ ጫማህ ላይ ተጽፏል።»

ተከራዬ ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። «ከሁሉም ብር ሰብስባችሁ ለአንድ ሰው ከሰጣችሁ ቁማር አይሆንም ወይ?» አልኳቸው።

ከዚያ ተከራዬ አገጩን አሸት አሸት አድርጎ፣ «እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው። ወላሂ፣ መስጊድ ጠይቄ ከመግቢያ የተሰበሰበ ሽልማት ሐራም ነው ብለውኛል። ሽልማቱ ከእኔ ኪስ ይውጣ። መግቢያው ግን ለምን ይዋል?» አለ።

«ለጨርቁ» አልኩ። የጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ አንድ ጥጉ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። የልብስ ሰፊ ሚስት ነበርኩና ያ ጥግ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን ይወጋኛል። አዲሱን ጨርቅ ለብሶ ከቤቴ እንደሚሄድ እያወቅሁ ነው ይህን ያልኩት። መቶ ሃምሳ ብር ላይ ተስማሙ፤ ጻፍኩ።

ለሽልማት መምህሩ ዋንጫ አለ።

«ዋንጫ ቅቅል ይወጣዋል?» አለ ባጃጅ ነጂው። «በግ ነው እንጂ! የገና ሰሞን የሰባ በግ።»

«ማን ያርደዋል?» አለ ተከራዬ። ይህ በእኛ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከሚጫወቱት ግማሹ እስላም ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ትንሽ ተከራከሩ። እኔ ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቅሁም፤ «በጉ በቁሙ ለአሸናፊው ይሰጣል» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

«አይ መዝገብ ቤት!» አለ ባጃጅ ነጂው። «ሰላም አወረዱ።»

ከዚያ መምህሩ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ፈተና ጥያቄ እያስረዘመ አስጻፈኝ፦ «የውድድሩ ዓይነት፤ ጥሎ ማለፍ።»

«ጥሎ» ድረስ ጻፍኩ። እስክሪብቶዬ እዚያ ቆመ።

ቃሉን በሬዲዮ የስፖርት ዜና ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን ጽፌው አላውቅም ነበር። ባሌ የሞተ ጊዜ ለቅሶ የተቀመጡ ሴቶች እኔ ጓዳ ሆኜ የማልሰማቸው መስሏቸው፣ «ልጁን ድሮ፣ ቤቱን አዘጋጅቶ ሲጨርስ ጥሏት አለፈ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሌላም የታሰበኝ ነገር ነበር። አሥራ ስድስት ሰው ቢመዘገብና በጥሎ ማለፍ ቢጫወቱ፣ ስምንቱ በመጀመሪያው ቀን ይሄዳሉ። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ነገር አልቋል። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ይነሣል።

«ምነው እትዬ?» አለ መምህሩ።

«ከወግዲ የሚመጣ ሰው አለ አላላችሁም?»

«አለ፤ ጎበዝ ተጫዋች ነው።»

«ታዲያ ከወግዲ መሳፈሪያ ከፍሎ፣ መግቢያ ከፍሎ፣ አንድ ጨዋታ ቢሸነፍ በሩብ ሰዓት ተሸኝቶ ሊመለስ ነው?»

«ተሸነፈ እኮ! ምን ይደረግለት?»

«እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ይጫወት» አልኩ። «ከፍሎ የመጣ ሁሉ እስከ መጨረሻው ይቆይ።»

መምህሩ በጣቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሒሳብ ሠራ። «አሥራ ሁለት ሰው ቢሆን ስድሳ ስድስት ጨዋታ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት ስድስት ስድስት ብንጫወት … አሥራ አንድ እሑድ።»

«አሥራ አንድ እሑድ!» አለ ባጃጅ ነጂው። «በጉ እስከዚያ ባለትዳር ይሆናል።»

«በጉን የምትገዙት በመጨረሻው ነው» አልኩ። «ከጥቅምት ብትጀምሩ ገና ግድም ያልቃል። በጉም የገና ነው ያላችሁት እናንተው ናችሁ።»

ሳቁ። ተከራዬ ግን አልሳቀም። እኔ ወረቀቱን እያየሁ እሱ እኔን እንደሚያይ ታወቀኝ። «አሥራ አንድ እሑድ» አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያም «አብሽሩ፣ ይሁን» አለ። «ጥሎ» የሚለውን ሰርዤ «በዙር» ብዬ ጻፍኩ።

ምዝገባው አሥር ቀን ቆየ። መምህሩ በጨዋታ ቤቱ የተገኙትን በሚጠሩበት ስም ጽፎ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ልማዴ ነውና፣ በመታወቂያ ስም ካልሆነ መዝገብ አይባልም ብዬ በሬን እያንኳኩ የመጡትን ከመታወቂያቸው ገለበጥኩ። ሁለቱን ዝርዝር አጋጠምኩ፤ አሥራ ሁለት ስም ሆነ። የእያንዳንዱን እሑድ ተጋጣሚዎች በማስመሪያ አስምሬ በትልቅ ካርቶን ላይ ለማውጣት ሦስት ከሰዓት ፈጀብኝ። ሦስቱ ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላወቅሁም።

በመጀመሪያው እሑድ ካርቶኑን ራሴ ወስጄ ግድግዳው ላይ አስለጠፍኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ወደዚያ ክፍል ሰው ባለበት ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ባጃጅ ነጂው ካርቶኑ ፊት ቆሞ ብዙ አየ።

«እትዬ፣ ዛሬ የምጋጠመው ከዚህ ሰውዬ ጋር ነው?»

«አዎ።»

«ይኼ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

«አንተማ ከግራ በኩል ያለኸው ነህ።»

«የግራውም እኔ፣ የቀኙም እኔ! አንዱ አያቴ ያወጣችልኝ ነው፤ አንዱ የመታወቂያዬ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ተጠንቀቅ፣ ተጋጣሚህ ሌባ ነው!» አለ አንዱ። «ብትሸነፍም ታፍራለህ፣ ብታሸንፍም ታፍራለህ!» አለ ሌላው። መምህሩም «የሁለተኛውን ሰው መግቢያ ክፈል!» አለው።

እኔ አልሳቅሁም። ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መዝግቤ አላውቅም። በእኛ አገር ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የመታወቂያ ስም እንዳለው የማላውቅ ሴት አይደለሁም፤ መዝገብ ቤት ሳለሁ ለሁሉም ሰው «ሌላ የምትጠራበት ስም አለህ ወይ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ይህ ሰው ስምንት ወር በደጄ ሲያልፍ «እንዴት ዋሉ እትዬ» ሳይለኝ የቀረበት ቀን የለም። እኔ አንድ ቀን እንኳ ማን ትባላለህ አላልኩትም። መታወቂያውን ይዞ በመጣ ጊዜም ቀና ብዬ ፊቱን አላየሁም ነበር፤ ፊደሉን ነበር የማየው።

«አወርደውና እንደገና እሠራዋለሁ» አልኩ።

«የለም፣ አይንኩት» አለ መምህሩ። «አሥራ አንድ ሰው ከሆንን ጎደሎ ነንና በየሳምንቱ አንድ ሰው ማረፉ አይቀርም። አንዱን ስም እንደ ባዶ እንቁጠረው፤ ከባዶው ጋር የወጣለት ያርፋል። ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ ይደርሰናል።»

«ያረፈ ሰው ምን ይሠራል?» አለ ባጃጅ ነጂው። «ቆሜ ስታገቡ ልይ?»

ተከራዬ የስቲኩን ጫፍ ጠመኔ እየቀባ ቀና ሳይል ተናገረ። «እትዬ ዘንድ ገብቶ ሻይ ይጠጣ። ደንብ ነው፤ ይጻፍልን።»

አልጻፍኩትም። ቢሆንም በዚያው እሑድ ባጃጅ ነጂው ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ቤቴ ከልጄ ሌላ የሚቀመጥ ሰው ስላልነበረ ሁለተኛው ብርጭቆ አቧራ ይዞ ነበርና አጠብኩት። ሁለቱ ስሞቹ ከየት እንደመጡ አጫወተኝ። አያቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች፤ እሷ ካረፈች ወዲህ በዚያ የሚጠራው ሰው ስለጠፋ እንዳይረሳ ብሎ ለፑል ጓደኞቹ እንደነገራቸው አወራኝ። በየትኛው ልጥራህ አልኩት። «ደስ ባለዎት» አለ። አያቱ ባወጣችለት ጠራሁት።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ አንድ ሰው መጣ። መምህሩ የፈተና ወረቀት ይዞ ገብቶ እሱ ሲያርም እኔ ውጤቱን ደመርኩለት። አንዱ ሻዩን ትኩሱን ጨልጦ ምላሱን አቃጥሎ ሮጠ። የወግዲው ሰው ከተቀመጠ እስኪነሣ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም። የቆሎውን ሰሐን መሃላችን አድርገን የኳሱን ድምፅ ሰማን። ጥቁሩ ሲገባ ሁለታችንም እኩል ቀና አልን። ሲወጣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደስ የሚል ጨዋታ ነበር» አለኝ። ቀልዱን ይሁን እውነቱን እስካሁን አላውቅም።

አንዱ ጭራሽ አልመጣም። ሻዩን ሁለት ጊዜ አሞቅሁት። ከግድግዳው ወዲያ ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ ቆሞ እያየ ሌሎቹን ይመክራል። ቅር ሊለኝ አይገባም፤ ደንቡን አልጻፍኩትም።

እሑዶቹ አለቁ። መዝገቡን የሠራሁት እኔ ነኝና የመጨረሻው እረፍት የማን እንደሆነ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። አሥራ አንደኛው እሑድ ተከራዬ ገብቶ በዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ወገቡን እየደገፈ ተቀመጠ። ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣ ብዙ ቆየ።

«እትዬ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምኑን?»

«መናኸሪያ አጠገብ ያለውን።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማን ነገረዎት? መቼ?»

«በመስከረም። ግድግዳው ጭቃ ነው።»

አንገቱን ደፋ። ከወዲያ በኩል አንድ ጨዋታ ተከፈተ። «እዚህ ሰው አይመጣም ብዬ እኮ ነው» አለ። «መንገዱ የውስጥ ነው፤ ሲዘንብ ጭቃ ነው። በእርስዎ ቅር ብሎኝ አይደለም።» ከዚያ ድንገት ቀና አለ። «ዙር ይሁን ያሉት ለዚህ ነው?»

«ስኳር ልጨምርልህ?» አልኩት።

«ይጨምሩልኝ» አለ፤ ከዚህ በፊት ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው ነበር።

ያሸነፈው የወግዲው ሰው ነው። በጉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ ሄደ፤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። በሳምንቱ ጠረጴዛው ወጣ። ሲገባ ስምንት ሰው ነበር የተሸከመው፤ ሲወጣም ስምንት። በሩ ስለጠበባቸው መዝጊያውን ነቀሉት፤ መልሰው ሲገጥሙት አልገጠመም፤ አሁንም ስዘጋው ይጮኻል። ሊሾው ላይ የእግሮቹ ቦታ ቀርቷል። ካርቶኑን ይውሰዱት አይውሰዱት ማንም አልጠየቀኝም፤ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው።

በጥር አንድ እህል ነጋዴ ለመጋዘን ፈልጎት መጣ። ከድሮው የሚበልጥ ኪራይ ጠራ። «ተይዟል» አልኩት።

«ማን ያዘው? ባዶ ነው እኮ።»

«ተይዟል» አልኩት እንደገና። ልጄ ይህን በስልክ ብትሰማ ኖሮ «አከራዪው እያልኩሽ የመጣውን ትመልሻለሽ?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ሌሊት የማይጮህ፣ ዕቃ ብቻ የሚያስቀምጥ ተከራይ እንደ እኔ ላለች ሴት የተመረጠ ነው። እኔ ግን ጆንያ ግድግዳ ተደግፎ ሲቀመጥ ምንም ድምፅ እንደሌለው አውቃለሁ።

የካቲት ሲጋመስ ከሰዓት በኋላ የጓሮው በር ላይ «ቤቶች!» የሚል ሰማሁ። ተከራዬ ነበር፤ የቀድሞ ተከራዬ ማለት አለብኝ። ወረቀት ይዟል። ቤቱ ሞልቶለታል፤ ሾፌሩም ረዳቱም መኪና እስኪሞላ ይጫወታል። እዚያም ውድድር ሊያዘጋጅ ነው።

«ስንት ሰው ተመዘገበ?» አልኩት።

«አሥራ ስድስት።»

አሥራ ስድስት ሙሉ ቁጥር ነው። ማንም አያርፍም።

«መንገደኛ ስለሆኑ አይቆዩም» አለ ወለሉን እያየ። «በዙር አይሆንልንም እትዬ። እንግዲህ … ጥሎ ማለፍ ነው ያሉት።»

«ሌላ የሚጠሩበት ስም ያላቸው አሉ?»

«አጣርቻለሁ» አለ ፈገግ ብሎ።

መነጽሬን አደረግሁ። «የውድድሩ ዓይነት፤ ጥሎ ማለፍ» ብዬ በጥሩ ፊደል ጻፍኩት። ሳልቆም ነው የጻፍኩት። ስምንት ጨዋታ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። የዙሩ ካርቶን ሦስት ከሰዓት ነበር የፈጀው፤ ይኼኛው ሩብ ሰዓት አልሞላውም። ወረቀቱን ሰጠሁት። አጥፎ ኪሱ ከተተውና ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ። ሰው እንደሚጠብቀው ይታወቃል።

በሩ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ መግቢያውን ስንት ብናደርገው ይሻላል?»

ያጠፈው ወረቀት ላይ «መግቢያ ሁለት መቶ ብር» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይዞት የመጣው ራሱ ነው፤ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።

«ተቀመጥና እናስላው» አልኩት።

ተቀመጠ።